ባልየውስ እንዴት ነው? በእርግዝናና በወሊድ ሰሞን ወንዱን ስለሚይዝ ድብርት

ጅማ ውስጥ አንዲት ሴት ወልዳ ቤቷ ስትገባ ጠያቂ አይጠፋም። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ ጀበናው ከከሰል አይወርድም። አንዱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ይገባል፣ ሌላው ዱዓ አድርጎ ይወጣል። ባልየው ወንበር ያቀብላል፣ ስኳር ሲያልቅ ሱቅ ይሮጣል፣ እንግዳ ይሸኛል። ለእሱ የሚደርሰው ጥያቄ "ማንን መሰለ?" የሚል ነው። አንተስ እንዴት ነህ የሚለው የለም።

ይህ ከክፋት አይደለም። ያማጠችው እሷ ናት፣ የደማችው እሷ ናት፣ ሌሊት ተነስታ የምታጠባውም እሷው። ቅድሚያው ለእሷ መሆኑ ልክ ነው። ግን ልጅ በሚጠበቅበትና በሚወለድበት ሰሞን ባልም ይታመማል። የእሱ ሕመም ደግሞ እሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አራሷም ሕፃኑም ይካፈሉታል። ስለዚህ እሱን መጠየቅ ከእሷ ላይ መንጠቅ ነው የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አልስማማም። ቤቱ አንድ ነው።

ስንቱን ይይዛል? በ2010 እ.ኤ.አ. "ጃማ" በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሥራ 43 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ከ28 ሺህ በላይ ሰዎችን ተመልክቷል። ከእርግዝናው መጀመሪያ እስከ ልጁ አንደኛ ዓመት ባለው ጊዜ 10 በመቶ ያህሉ አባቶች የድብርት ምልክት ነበራቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ የተሠራ ሌላ ሰፋ ያለ ስሌት ቁጥሩን ወደ 8 በመቶ አወረደው። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት ባደጉት አገሮች ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አንስቶ እንደ ቆጪና ሄርማታ ባሉ የጅማ ሰፈሮች ላይ ማሳረፍ አይቻልም። ይሁን እንጂ ከአሥር አንድ ገደማ ማለት ቀላል አይደለም። እድራችሁ ውስጥ ዘንድሮ ልጅ የወለዱትን አባወራዎች በልባችሁ ቁጠሩ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ጊዜው ነው። በ2010 በወጣው ሥራ ላይ ድብርቱ በብዛት የታየው በወሊዱ ሳምንት አይደለም። ልጁ ከ3 እስከ 6 ወር ሲሆነው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአራት አባቶች አንዱ ገደማ ምልክት አሳይቷል። ለምን ይሆን? የጅማን ቤት ለሚያውቅ ሰው መገመት አይከብድም። በሦስተኛው ወር ጠያቂው አልቋል። ልታርስ የመጣችው አማት ወደ አገሯ ተመልሳለች። ለወሊዱ የተበደረው ገንዘብ መከፈል ይጀምራል። እንቅልፍ ግን አልተመለሰም። ሰው ሁሉ "እንግዲህ ተላመዳችሁ" ብሎ ዞር ሲል፣ እሱ ገና መድከም ይጀምራል።

ምን ይመስላል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ድብርት ስንል አልጋ ላይ ተጠቅልሎ የሚያለቅስ ሰው እናስባለን። እንደዚያ የሚሆን ወንድ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን የወንዱ ድብርት ቁጣ ይመስላል። በትንሽ ትልቁ ይነጫነጫል። ሕፃኑ ሲያለቅስ በሩን ጓ አድርጎ ይወጣል። ወይም ደግሞ ዝም ይላል፤ ሲያናግሩት "ምንም አልሆንኩም" ነው መልሱ። ሥራ ያበዛል፤ ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል፣ ቢሮ የሚሠራ ከሆነ ቅዳሜና እሑድም ሥራ አለብኝ ይላል። ቤት ሲገባ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያመሻል።

ሰውነቱም ይናገራል። ጨጓራዬ፣ ወገቤ፣ ራሴን ይላል። ምግብ ይዘጋዋል ወይም ያለቅጥ ይበላል። ሕፃኑ ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት እንኳ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ይህችኛዋ ጥሩ መለያ ናት። ማንኛውም አዲስ አባት እንቅልፍ ያጣል፤ ዕድል ሲያገኝ ግን ድብን ብሎ ይተኛል። ዕድሉን አግኝቶ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የሚያድረው ሌላ ነገር ይዞታል።

ሚስት ይህን ሁሉ ስታይ ምን ትላለች? "ሌላ ሴት ይዟል።" ወይም "ልጁን አልወደደውም።" ወይም "እኔን ጠልቶኛል።" አልፈርድባትም። የሚታያት መጥፋቱ ነው። አንዳንዴም ግምቷ ልክ ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው ከዚህ በፊት እንዲህ ያልነበረ ከሆነ፣ ለውጡ የመጣው በእርግዝናው ወይም ከወሊዱ በኋላ ከሆነና ይደሰትበት የነበረው ነገር ሁሉ፣ ኳሱም ጓደኛውም ጭምር፣ ካስጠላው ከቅናቱ በፊት ሕመሙን ማሰብ ይገባል። ሐኪሞች መስመሩን የሚያሰምሩት ሁለት ሳምንት ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን ደስታ ማጣት ወይም መከፋት፣ በዚያ ላይ የእንቅልፍ፣ የምግብ፣ የጉልበት ወይም የሐሳብ መሰብሰብ ችግር ካለ መታየት አለበት።

ሌላ ማንም ደፍሮ የማይናገረው ነገር አለ። አንዳንድ አዲስ አባት ሕፃኑን ሲያቅፍ "ብጥለውስ?" የሚል ምስል ድንገት ይመጣበታል። ደረጃ ሲወርድ፣ ቢላ ሲይዝ፣ ውኃ ሲያሞቅ። ይደነግጣል፣ ራሱን ይጠላል፣ ከዚያም ሕፃኑን ማቀፍ ይተዋል። ይህ ዓይነት ያልተጠራ ሐሳብ በእናቶችም በአባቶችም ላይ የተለመደ ነው፤ ከጭንቀት ይመጣል። ሰውየው በሐሳቡ የሚሰቀቅ ከሆነ፣ ሊያደርገው ስለማይፈልግ ነው የሚሰቀቀው። ለሐኪም ቢናገረው ይቀለዋል። ሐሳቡ ልክ መስሎ ከታየው፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እያዘዘው ከሆነ ወይም ማድረግ ከፈለገ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

የጅማን ነገር አንስቶ ጫትን መዝለል አይቻልም። ብዙ ወንድ ሲከፋው የሚሄደው ወደ በርጫ ነው። ለምን እንደሚሄድ ይገባኛል፤ ጓደኛ አለ፣ ወሬ አለ፣ ለሁለት ሦስት ሰዓት ዓለም ቀላል ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያነቃቃው አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ ዕፅ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ግን መከፋት፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ያን ለመስበር ጨብሲ ይባልና መጠጥ ይጨመራል። መጠጡ ደግሞ ጠዋት ላይ ድብርቱን ያጠነክረዋል። እንግዲህ በፊትም እንቅልፍ ያልነበረው አባት አሁን ጭራሽ አይተኛም። ከሰዓት ሲሆን ጉልበት ፍለጋ ተመልሶ ይሄዳል። ከውጭ የሚያየው ሰው "ሱሰኛ ሆነ፣ ቤቱን ረሳ" ይላል። ብዙ ጊዜ ሱሱና ድብርቱ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም አያዋጣም። ለሐኪም ሲቀርቡ ስንት እንደሚቅሙ በእውነት መናገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አንዳንድ መድኃኒት ከጫትና ከመጠጥ ጋር አይስማማም። ሐኪሙ ለመፍረድ አይደለም የሚጠይቀው።

ከየት ይመጣል?

ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከዚህ ቀደም ድብርት ይዞት የሚያውቅ ሰው የበለጠ ይጋለጣል። ያልታቀደ እርግዝና፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ ከሚስት ጋር አለመስማማት፣ ብቸኝነት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በጣም ጎልቶ ከሚታየው አንዱ የሚስት ድብርት ነው። እሷ ከተደበረች እሱም የመደበር ዕድሉ ይጨምራል። ግልባጩም እንዲሁ። ስለዚህ አንዷ ስትታከም ሌላውን አለማየት ግማሽ ሥራ ነው።

ገንዘቡን እንየው። ጅማ ዙሪያ የብዙ ሰው ኪስ ከቡና ጋር ይሞላል፣ ከቡና ጋር ይጎድላል። ቡና የሚለቀመው በመኸር ነው። ልጁ የተወለደው ክረምት ላይ ከሆነ፣ ዝናቡም አያስወጣ፣ ኪሱም ባዶ። ወሊዱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ዳይፐሩ፣ ትራንስፖርቱ፣ ለአራስ የሚገባው ቅቤና ማር፣ ለጠያቂ የሚፈላው ቡና ግን በነፃ አይደለም። "ወንድ ልጅ ቤቱን ያቆማል" እየተባለ ያደገ ሰው ቤቱን ማቆም ሲያቅተው ለማን ይናገራል?

ጊዜውም የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ደመወዙ ሳይቆረጥ። ለእናትየው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። የእሷ በዝቷል እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ያንሳል። ግን በሦስት ቀን ውስጥ ገና ከሆስፒታል ወጥተው አልተረጋጉም። የባጃጅ ሹፌርና የቀን ሠራተኛ ደግሞ ያችንም አያገኝም፤ የቀረበት ቀን ያልበላበት ቀን ነው።

ጅማ ላይ በደንብ የሚታይ ሌላ ሁኔታ አለ። ከተማዋ በዝውውርና በሥራ የመጣ ሰው ይበዛባታል። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የኮንስትራክሽን ባለሙያው ዘመዱ ጎጃም፣ ወሎ ወይም አዲስ አበባ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ለእሷ ጥሩ ነው፤ የሚያርሳት ታገኛለች። እሱ ግን ባዶ ቤት ይቀራል። ልጁን በስልክ ያየዋል። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ሚስቱ እናትነትን ለምዳለች፣ እሱ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም። ሲያቅፈው ሕፃኑ ያለቅሳል። "ስጠኝ" ትለዋለች። ይሰጣታል። በሌላ ጊዜ ለማቀፍ አይጠይቅም። ከዚህ የሚጀምር መራራቅ አለ፤ ማንም አላጠፋም፣ ግን እየሰፋ ይሄዳል። መድኃኒቱም እዚያው ነው፤ ያልቅስ፣ ይልመደው። ገላውን የሚያጥበው፣ ማታ ማታ የሚያስገሳው እሱ ይሁን።

ሰውነትም ይለወጣል። ፊሊፒንስ ሴቡ ውስጥ ከ600 በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ አባት የሆኑት ሰዎች ቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን) በጣም መቀነሱን አሳይቷል፤ ልጅ በመንከባከብ ብዙ ሰዓት በሚያሳልፉት ላይ ደግሞ ይበልጥ ቀንሶ ነበር። አባትነት በወንድ አካል ውስጥም አሻራ እንዳለው ይህ ያሳያል። ድብርቱ በሆርሞን ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም።

ከዚያ ድንጋጤው አለ። ምጥ ጠንቶባት ከሰቃ ወይም ከሊሙ በአምቡላንስ ሪፈር ተብላ የመጣች ሴት ባል ምን ያያል? ደም ያያል። ሐኪሞች ሲሯሯጡ ያያል። "ደም የሚሰጥ ሰው አምጣ" ሊባል ይችላል። በሩ ይዘጋበታል፣ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ ሚስቱ ትኑር ትሙት ለሰዓታት አያውቅም። በመጨረሻ "እንኳን ደስ አለህ" ይባላል። እንደ ደስታ ስለተጠናቀቀ ስለዚያ ሌሊት የሚያወራው የለም። ከወራት በኋላ ግን ያን ሌሊት በሕልሙ ያየዋል፣ በሆስፒታሉ በር ማለፍ ይከብደዋል፣ የአምቡላንስ ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይመታል፣ ሚስቱን ለመቅረብ ይፈራል፤ ዳግም ብታረግዝስ? ይህ ፍርሃት የሚታከም ነው። ሕፃኑ የሞተበት አባት ደግሞ ሌላ ነው። እሷን ሴቶች ከበው ያጽናኗታል። እሱ ሄዶ ይቀብራል፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል፣ "አንተ ጠንከር በል፣ እሷን አጽናናት" ይባላል።

ባይታከምስ?

የሚጎዳው እሱ ብቻ ቢሆን እንኳ መታከም ይገባው ነበር። ነገር ግን በ2005 እ.ኤ.አ. "ላንሴት" በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አባቶችን ሕፃኑ 8 ሳምንት ሲሆነው ጠይቆ፣ ልጆቹን ሦስት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ተመልክቷል። ያኔ ተደብረው የነበሩ አባቶች ልጆች የስሜትና የጠባይ ችግር በዝቶባቸው ተገኘ፤ በተለይ ወንዶቹ ላይ። የእናትየው ድብርት ከስሌቱ ከወጣ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ይህን አንብቦ የሚደነግጥ አባት ካለ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥናቱ ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው እንጂ የአንድ ልጅ ዕጣ አይደለም። በጊዜ የታከመ አባት ከልጁ ጋር መልሶ ይቀራረባል።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። ድብርት ያናድዳል እንጂ እጅ አያነሳም። ሚስቱን የሚመታ ሰው "ታምሞ ነው" ተብሎ አይታለፍም። ሴትየዋ መጀመሪያ ራሷንና ልጇን ታድን፤ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ጤና ተቋም፣ ወደ ፖሊስ ትሂድ። የእሱ ሕክምና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የት ይኬዳል? ምን ይባላል?

ጅማ ከብዙ የክልል ከተሞች የተሻለች ናት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ጤና ባለሙያም ያሠለጥናል። ቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል፤ ከከበደ ሪፈር ይጽፋሉ። ብዙ ወንድ በዚያ በር መግባት የሚፈራው "አበደ" ይሉኛል ብሎ ነው። እዚያ የሚታከመው ሰው ብዙው ሥራ የሚውል፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው አይተው፤ ሐኪም ቤት መሄድ ከእምነቱ ጋር አይጋጭም።

ሲገባ ምን ይጠየቃል? ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በአማርኛ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. በስኮትላንዷ ኤድንብራ ውስጥ ለእናቶች የተዘጋጀ አሥር ጥያቄ ያለው ሌላ መጠይቅም አለ፤ በሌሎች አገሮች በአባቶች ላይም ተሞክሮ ሠርቷል። አውስትራሊያ ውስጥ የሞከሩት ተመራማሪዎች ለአባቶች "ድብርት አለ" የሚያሰኘውን የነጥብ መስመር ዝቅ ማድረግ አስፈልጓቸዋል። ምክንያቱ ወንዶች "አለቀስኩ" ብለው ስለማይመልሱ ነው። ቀለል ያለ ከሆነ ምክር፣ የእንቅልፍ ማስተካከያ፣ ጫትና መጠጥ መቀነስ፣ ቤት ውስጥ ሥራ መከፋፈል ይበቃ ይሆናል። ከበድ ካለ የንግግር ሕክምና ወይም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ይታዘዛል። መድኃኒቱ በአንድ ሳምንት አይሠራም፤ ለውጥ ለማየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወይም ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሱስ አያስይዝም። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥ ግን ጥሩ አይደለም።

"ሞቼ ባረፍኩ"፣ "እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል" ካለ ንግግሩን እንደ ቀልድ አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁት፤ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

ሚስት ስታናግረው "ምን ሆነሃል አንተ ደግሞ?" ከሚለው ይልቅ "ከወለድን ወዲህ እንቅልፍ የለህም፣ ኳስ ማየት እንኳ ትተሃል፤ አሳስበኸኛል" ብትለው ይሻላል። ያየችውን እንጂ የጠረጠረችውን አትናገር። ጓደኛ ደግሞ "ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ይለፋል" ከማለት "እኔም ልጄ ሲወለድ እንደዚያ ሆኜ ነበር" ቢል፣ እውነት ከሆነ፣ ሰውየው ሊተነፍስ ይችላል። አማት ብትሆኑ ምጥ የያዛት ልጃችሁ እንጂ እሱ አለመሆኑን እሱም ያውቃል። "ልጄ፣ አንተስ በላህ?" ማለት ግን ምንም አያስወጣም።

ለአዋላጅ ነርሶችና ለክትባት ክፍል ባለሙያዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም ሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጤና ተቋም ይመጣል። 14ኛው ሳምንት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ አባቶች ላይ ድብርቱ የሚበረታበት ጊዜ ውስጥ ይገባል። በዚያን ቀን እናትየዋን ስትጠይቁ አባትየውንም ጠይቁት፤ ካልመጣ "እሱስ እንዴት ሆነ?" በሏት። አባቶችም ያን ቀን ከአለቃ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ባጃጁን ለግማሽ ቀን አቁማችሁ፣ ልጁን ታቅፋችሁ ሂዱ። ለሕፃኑ ካርድ ሲወጣ የእናንተም ካርድ እዚያው ይወጣል።